ቡና ላይ የተወረወረ ቁጥር እንዴት ይጣራል?

ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ሾፌሮች የምንሰበሰብባት አንዲት ቡና ቤት አለች። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ምስሉ ብቻ ይሄዳል፤ ድምፁን እኛ እንሞላለታለን። በቀደም ጋሽ ታደሰ ስልካቸውን አፍንጫዬ ድረስ አስጠጉና፣ «ቲቸር፣ እስቲ አንብብ! ቴክሳስ ብቻ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ! ይሄ ሁሉ ወንጀለኛ ድንበር ጥሶ ገብቶ አንተ ታዝንለታለህ» አሉኝ። አጠገባቸው የነበረው የእህታቸው ልጅ ናቲ ቀበል አድርጎ፣ «ኧረ ጋሼ፣ ስደተኛ ወንጀል አይሠራም፤ ጥናት አለ» አለ።

ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ግን ልክ አይደሉም።

እኔ አገር ቤት ደብረ ብርሃን 14 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። እዚህ ኡበር እነዳለሁ። ጠመኔው ከእጄ ከወጣ ቆየ፤ አመሉ ግን አልለቀቀኝም። ቁጥር ሲወረወር እስክሪብቶ እፈልጋለሁ። ናቲ «እንዴት እንደምታጣራው ጻፍልኝ» ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

የቱ እስር ቤት?

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት የዕድራችን ዋትስአፕ ላይ አንድ መልእክት አስተላለፍኩ። በአሜሪካ እስር ቤት የውጭ ዜጋው ድርሻ በሕዝቡ መካከል ካለው ድርሻ በብዙ ይበልጣል የሚል ነበር። ቁጥሩ ከመንግሥት የመጣ ስለሆነ ደረቴን ነፍቼ ነው የላክሁት። አንዲት ነርስ የሆነች የዕድሩ አባል፣ «ቲቸር፣ ይሄ የፌደራል ነው የስቴት?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረኝም። ሰው ሁሉ እያየ ዝም አልኩ። ሒሳብ አስተማሪ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግድያ፣ ዝርፊያ፣ ስርቆት፣ ድብደባ በአብዛኛው በስቴት ሕግ ነው የሚዳኘው። እስረኛውም አብዛኛው የሚገኘው በስቴት እስር ቤት ነው። የፌደራሉ እስር ቤት ከጠቅላላው ትንሹን ክፍል ነው የሚይዘው። ከአገር ተባርሮ ተመልሶ መግባት ደግሞ የፌደራል ወንጀል ነው። ይህን ወንጀል ሊሠራ የሚችለው የውጭ ዜጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የፌደራል እስር ቤትን ብቻ አንስቶ ስደተኛን መለካት፣ የወንዶች ጸጉር ቤት ገብቶ «ይህ ከተማ ሴት የለውም» እንደ ማለት ነው።

እናም ቁጥር ሲመጣልህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው። የስቴት ነው? የካውንቲ? የፌደራል? መልሱ ካልተጻፈ እዚያው አቁም።

ማን ቆጠረው?

የጋሽ ታደሰ ቁጥር ምንጭ አለው። የቴክሳስ የሕዝብ ደኅንነት መምሪያ በድረ ገጹ ላይ ያወጣዋል። እስከ 2024 ድረስ ከ300 ሺህ በላይ ወረቀት፣ ማለትም ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸው ሰዎች ተይዘው ጄል (የካውንቲ ማቆያ) ገብተዋል ይላል። ቴክሳስ ይህን እንዴት አወቀ? አንድ ሰው ዳላስ ካውንቲ ጄል ሲገባ አሻራ ይሰጣል። አሻራው ወደ ኤፍቢአይ፣ ከዚያም ኢሚግሬሽንን ወደሚመራው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሆምላንድ ሴኩሪቲ ይሄዳል። «ይህን ሰው እናውቀዋለን፤ ሁኔታው ይህ ነው» የሚል መልስ ይመለሳል። የአሻራው ልውውጥ በሌላውም ስቴት አለ። ቴክሳስን ልዩ የሚያደርገው መልሱን ከእስሩና ከፍርዱ መዝገብ ጋር አያይዞ ማስቀመጡ ነው። ኤፍቢአይ በየዓመቱ የሚያወጣው የወንጀል ቁጥር ውስጥ የኢሚግሬሽን ሁኔታ የሚባል ዓምድ ጭራሽ የለም። ለዚህ ነው በዚህ ክርክር ሁሉም ወገን ቴክሳስን የሚጠቅሰው። ሌላ የሚጠቀስ ብዙም የለምና።

አሁን ስልኩን ወደ ታች ሳብ አድርገው። ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ ያላነበበው እዚያ አለ። መምሪያው ራሱ፣ ይህ ቁጥር ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ከሌላው የበለጠ ወንጀል ይሠራሉ ለማለት የወጣ አይደለም ብሎ ጽፏል። ይህን ለጋሽ ታደሰ ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉ። ግን ፍትሐዊ ለመሆን ቀጣዩንም አነበብኩላቸው። ሰውዬው እዚህ መኖር ስላልነበረበት ወንጀሉም መፈጸም አልነበረበትም ይላል። «አየህ!» አሉ። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ቀላል ነጥብ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ይህ ቁጥር የሚይዘው አሻራው አስቀድሞ ሆምላንድ ሴኩሪቲ ዘንድ ያለውን ብቻ ነው። ተደብቆ ገብቶ አንድም ቀን አሻራ ያልሰጠ ሰው ቢያዝ «ወረቀት የለውም» ተብሎ አይመዘገብም። ይህ ለጋሽ ታደሰ ወገን የሚጠቅም ነጥብ ነው። ናቲ ሲሰማው ፊቱን አኮሳተረ። ያንተን ወገን የማይጠቅመውን ካላነበብክ ግን እያጣራህ አይደለም፤ ዱላ እየመረጥክ ነው።

ከስንቱ?

እዚህ ላይ ሶፍት አንስቼ ጻፍኩ። 300 ሺህ። ቆጠራው የተጀመረው በጁን 2011 ነው። እስከ 2024 ድረስ 13 ዓመት። ሲካፈል በዓመት 23 ሺህ ገደማ። ጋሽ ታደሰ «እና ይሄ ትንሽ ነው?» አሉ። አላውቅም፤ ከስንቱ እንደሆነ ካልነገሩኝ ትንሽም ብዙም ልለው አልችልም። ቴክሳስ በ2020 ቆጠራ 29 ሚሊዮን ሰው ነበረው። በየዓመቱ የሚታሰረው በብዙ መቶ ሺዎች ነው።

ተማሪዎቼን እጠይቃቸው የነበረው ይኸው ነበር። «አሥር ልጆች ወደቁ» ሲሉኝ «ከስንቱ?» እላለሁ። ከአሥራ ሁለቱ ከሆነ ጉድ ነው። ከአራት መቶው ከሆነ ዳይሬክተሩ ይሸልመኛል።

ለዚህ የሚሆን ማካፈያ ያዘጋጀው የኬቶ ኢንስቲትዩት ነው። እዚያው የቴክሳስ መዝገብ ላይ ሠርቶ የ2018ን አወጣ። ከ100 ሺህ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ጥፋተኛ የተባለባቸው 782 ነው። ከ100 ሺህ እዚህ የተወለዱ አሜሪካውያን 1,422። ከ100 ሺህ ሕጋዊ ስደተኞች ደግሞ 535። ሶፍቱ ላይ ሦስቱን ቁጥሮች ከላይ ወደ ታች ጻፍኳቸው። ጋሽ ታደሰ ጣታቸውን 535ቱ ላይ አድርገው «ይሄ እኛ ነን» አሉ። አዎ፣ እርሳቸው ናቸው። ደስም አላቸው።

ኬቶ ለስደት በሩ ሰፋ ይበል የሚል ተቋም ነው፤ ይህን ማወቅ አለብህ። ስለዚህ ሌላ ሰውም ሠርቶት እንደሆነ ፈልግ። ማይክል ላይት የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከ2012 እስከ 2018 ያለውን የቴክሳስ የእስር መዝገብ መርምሮ በ2020 አሳተመ። እዚህ የተወለደ ዜጋ በኃይል ወንጀል የመታሰር ዕድሉ ወረቀት ከሌለው ከሁለት እጥፍ በላይ፣ በአደንዛዥ ዕፅ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ በንብረት ወንጀል ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘው።

ናቲ ጠረጴዛ መታ። «አላልኩም?» አላልክም። ያልከው «አይሠራም» ነው። 782 ዜሮ አይደለም። ከ782ቱ ውስጥ አንዱ የሰው ልጅ ገድሎ ሊሆን ይችላል። «ያንሳል» እና «የለም» አንድ አይደሉም። ይህን ስህተት የሚሠሩት ደግሞ ልባቸው ለስደተኛ የሚያዝን ሰዎች ናቸው። አንድ ግድያ በዜና ሲወጣ ክርክራቸው በሙሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

የማካፈያው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ክፍል ነው። ወረቀት የሌለውን ሰው ቤት ለቤት የቆጠረ የለም። ቆጠራ ሲካሄድ ማንም «ወረቀት አለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ተመራማሪዎች ውጭ የተወለደውን ሁሉ ይወስዱና ሕጋዊ መሆኑ የታወቀውን ይቀንሳሉ። የቀረው ግምት ነው። ጋሽ ታደሰ ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲህ! ከተገመተው በላይ ስንት እጥፍ አሉ፤ ይደብቁናል እንጂ» አሉ።

ይሁን፣ አሉ እንበል። ሶፍቱ ላይ ማካፈያውን እጥፍ አደረግሁት። ውጤቱ ምን ሆነ? ግማሽ። የታሰረው የታወቀ ነው፤ የሚካፈልበት ሲበዛ ከመቶ ሺህ የሚደርሰው ያንሳል። «ከሚባለው በላይ ሞልተዋል» የሚል ሰው ሳያውቀው የወንጀል መጠናቸውን ዝቅ እያደረገ ነው። 782ቱ 1,422ን እንዲደርስ ግምቱ ወደ ግማሽ ገደማ መውረድ አለበት። እንዲህ የሚል ተከራካሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጋሽ ታደሰ ሶፍቱን አገላብጠው አዩት። ቡናው ቀዘቀዘ።

የቱ ደረጃ ላይ?

ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ ጥፋተኛ ተባለ፣ ታሰረ። አራት ደረጃ ነው። ቪዲዮ የሚሠራ ሰው አራቱንም «ወንጀለኛ» ይላቸዋል። የቴክሳሱ ገጽ ላይ የተከሰሱበት ብዛትና ጥፋተኛ የተባሉበት ብዛት ጎን ለጎን አለ፤ ሁለተኛው በጣም ያንሳል። ደረጃ ቀላቅለህ አታወዳድር። የዚህን ወገን እስር ከዚያኛው ወገን ፍርድ ጋር ካስቀመጥክ ውጤቱን አስቀድመህ ወስነሃል።

ሕግ ሲቀየር ቁጥር እንደሚቀየርም አትርሳ። ቴክሳስ በማርች 2021 ኦፕሬሽን ሎን ስታር የተባለውን ዘመቻ ጀመረ። ኪኒ ካውንቲ ያሉ ከብት እርባታዎች ላይ የተገኙ ሰዎች የሰው ግቢ ገብታችኋል ተብለው በስቴት ሕግ በብዛት ታሰሩ። የእስሩ ቁጥር ዘለለ። ይህ ግን ሰዉ የባሰ አመጸኛ ሆነ ማለት አይደለም፤ ድንበር ማቋረጡ በስቴቱ መዝገብ ውስጥ ስም አገኘ እንጂ። በዲሴምበር 2023 አገረ ገዥው ግሬግ አቦት የፈረሙት ኤስ.ቢ. 4 የተባለው የቴክሳስ ሕግ ከዚህም አለፈ፤ በሕገወጥ መንገድ መግባትን ራሱን የስቴት ወንጀል አደረገ። በማርች 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ሥራ ላይ እንዲውል ፈቀደ፤ በሰዓታት ውስጥ የይግባኝ ፍርድ ቤት አገደው። የዚያን ቀን ሬዲዮ ከፍቼ ስነዳ ተሳፋሪዬ «አሁን ሕግ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ጠየቀኝ። መውረጃው ስንደርስ መልሱ ተቀይሮ ነበር።

የዓምድ ስምም አንብብ። በ2018 ጆን ሎት የተባለ ተመራማሪ የአሪዞናን እስር ቤት መዝገብ ይዞ ወረቀት የሌላቸው በብዙ ይብሳሉ የሚል ጥናት አወጣ። የኬቶው አሌክስ ናውራስቴህ መዝገቡን ሲያይ፣ «ወረቀት የሌለው» ተብሎ የተቆጠረው ዓምድ «ዜጋ ያልሆነና ከአገር ሊባረር የሚችል» የሚል ሆኖ አገኘው። ግሪን ካርድ ይዞ ወንጀል የሠራ ሰውም ሊባረር ይችላል። ስለዚህ ሕጋዊውም እዚያ ውስጥ አለ። ሎት በዚህ አልተስማማም። አንድ የዓምድ ርዕስ ግን ውጤቱን እንዲህ ሊገለብጠው ይችላል።

ተቃራኒውን ወገን ደግሞ ከምሩ አንብበው። ሴንተር ፎር ኢሚግሬሽን ስተዲስ ስደት ይቀነስ የሚል ተቋም ነው። ኬቶን የተቸበት ነጥብ ብልህ ነው። አንዳንዱ እስረኛ ወረቀት እንደሌለው የሚታወቀው ጄል ሲገባ አይደለም፤ ቆይቶ ትልቁ እስር ቤት ከገባ በኋላ ነው። እነዚያን ካልደመርክ ቁጥሩ ያንሳል ይላል። ሌላም አለ። ወንጀል ሠርቶ የተባረረ ሰው እዚሁ ሆኖ ሁለተኛ አይሠራም፤ እዚህ የተወለደው ግን ተፈቶ ይመለሳል። ሁለቱም ነጥቦች ሚዛን ያላቸው ናቸው። በኔ ግምት ልዩነቱን ያጠቡታል እንጂ አይገለብጡትም። ጋሽ ታደሰ በዚህ አይስማሙም።

ሁለት ስቴት አንስቶ «እዚህ የኢሚግሬሽን ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው፣ እዚያ ልል ነው፣ ወንጀሉን እይ» ማለትም አያስኬድም። ቴክሳስና ካሊፎርኒያ በሺህ ነገር ይለያያሉ። የተሻለው ማወዳደሪያ የአሻራው ልውውጥ ራሱ ነው። ሴኪውር ኮሚኒቲስ ተብሎ ከ2008 ጀምሮ ካውንቲ በካውንቲ ነው የተዘረጋው፤ ቀድሞ የገባውን ዘግይቶ ከገባው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ማይልስና ኮክስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2014 ይህን አድርገው በወንጀል መጠን ላይ የሚታይ ለውጥ አላገኙም።

ስልኩን የምታስቀምጥበት ሰዓት

ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ ጋሽ ታደሰ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ፣ «እኔ ናይሮቢ ስምንት ዓመት ጠብቄ ነው የመጣሁት። ስምንት ዓመት። ልጄ እዚያ ተወልዳ እዚያ ትምህርት ጀመረች። ኢንተርቪው ስድስት ጊዜ ተጠርቻለሁ። ይሄኛው በአንድ ሌሊት ወንዝ ተሻግሮ ይገባል» አሉ።

አሁን ምን ቁጥር ታወጣለህ? እኔ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ሰውዬው የሚሉት ስለ ወንጀል መጠን አይደለም፤ ስለ ተራ ነው። መምሪያው «እዚህ መኖር ስላልነበረበት» ያለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ልጇ የተገደለባት እናትም «ከመቶ ሺህ ስንት» ብትላት አትሰማህም፤ ልትሰማህም አይገባም። እንዲህ ያለውን ነገር በስታቲስቲክስ መመለስ ጨዋነት አይደለም። መለያው ቀላል ነው። «ቁጥሩ ግማሽ ቢሆን ሐሳብህን ትቀይራለህ?» ብለህ ጠይቅ። «አልቀይርም» ካለህ ክርክሩ የቁጥር አይደለም። ያኔ አዳምጥ። ናቲ ማዳመጡ ላይ ደከም ይላል፤ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።

ይህን ለዘመዶችህ ንገር

ጠበቃ አይደለሁም። ግን ሁለት ነገር ሁላችንም ማወቅ አለብን። በጃንዋሪ 2025 የተፈረመው የሌከን ራይሊ ሕግ፣ ያለ ፍተሻ የገባ ወይም ተገቢ ሰነድ የሌለው ሰው በስርቆት፣ ከሱቅ ዕቃ በማንሳት፣ ፖሊስ በመምታት እና በመሳሰሉት ከተያዘ ኢሚግሬሽን አስሮ እንዲያቆየው ያዛል። ጥፋተኛ መባል አያስፈልግም፤ መያዝ ይበቃል። በሜክሲኮ በኩል መጥተው የአሳይለም (የጥገኝነት) ጥያቄያቸውን መልስ የሚጠብቁ ልጆቻችንን በቀጥታ ይነካል። የአሥር ዶላር ሻምፖ ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው፣ የስቴት ዳኛ ፊት «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ጨርስ፣ ቤትህ ግባ» ሲሉህ አትቸኩል። ፓዲያ የሚባል 40 ዓመት ገደማ በሕጋዊ መንገድ የኖረ ሰው «ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» ያለውን ጠበቃ አምኖ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሊባረር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ጉዳዩ ከአገር ሊያስባርር እንደሚችል ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት አለ። ካልነገረህ ጠይቀው። ግሪን ካርድ ያለህም ብትሆን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ታደሰ ከበር ጀምረው ስልካቸውን እያውለበለቡ መጡ። «ይሄኛውን አጣራ! ካሊፎርኒያ! የፖሊስ መዝገብ ነው!» እኔ ቁጥሩን ሳላይ፣ «ካሊፎርኒያ ፖሊስ የያዘውን ሰው ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታው እንዳይጠይቅ ከ2018 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል» አልኳቸው። ቆሙ። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ከየት አመጣው?»

ወንበር ሳቡ፤ ቪዲዮውን መልሰው ከመጀመሪያው ከፈቱት። በረካው እስኪቀዳ ድረስ እየፈለጉ ነበር።